ያለ ሞት የተነፋ ጡሩንባ

በከተማችን ከአራዳ ቁልቁል ሲወርዱ፣ በሰፈራችን መካከል የሚያልፍ ፈፋ አለ። መጨረሻው ቀሃ ወንዝ ነው። በክረምት ጎርፍ ይሞላዋል፤ በበጋ ደግሞ እኛ እንሞላው ነበር። የበሰበሰ ሽንኩርት፣ ፌስታል፣ የተቀደደ ጫማ፣ የዶሮ ላባ፣ ቤት ያልፈለገው ነገር ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ ነበር። «ይህን የት ልጣለው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም።

ልጄ ከዩኒቨርሲቲ በተመረቀች በሁለተኛው ዓመት፣ ከስድስት ጓደኞቿ ጋር ማኅበር አቋቋመች። ሐሳባቸው የጉልት ሴቶች የሚጥሉትን የአትክልት ቅጠልና ልጣጭ ሰብስቦና አብስብሶ አፈር ማድረግ፣ በዚያው አፈር ደግሞ ችግኝ ማፍላት ነበር። ለዚህ ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ከፈፋው ዳር ያለውን፣ ቆሻሻ የዋጠውን መሬት ከቀበሌ ጠየቁ። የቀበሌው ሹም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያለውን ነገራቸው።

«ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ። እስከ ሰኔ ሚካኤል ድረስ ፈፋውን አጽድታችሁ፣ ጎርፉን የሚያበርድ የድንጋይ ክትር ሠርታችሁ ካሳያችሁኝ የእናንተ ነው። ካልሆነ ለእሱ እሰጣለሁ።»

ይህን የሰማሁት ግንቦት ሲገባ ነው። ልጆቹ ሰባት ናቸው፤ ያላቸው መሣሪያ ሁለት አካፋና አንድ እጀታው የላላ ዶማ ነው።

«ካልሆነስ?» አልኳት።

«ካልሆነ ማኅበሩ ይፈርሳል አባባ። ሁሉም ወደየፊናው ይሄዳል። እኔም አዲስ አበባ ወርጄ ሥራ እፈልጋለሁ።»

«ይሻልሻል። ዲግሪ የያዘ ሰው ቆሻሻ ሲዝቅ ማየት አልወድም።»

ይህን ማለቴን አልክድም። ሰው የተናገረውን መካድ ሲለምድ የሠራውንም ይክዳል።

እኔ አናጢ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ ንባብ ያሠለጠነኝ ግን ሚስማር የሚጠቀለልበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ሚስማሩን ከሣጥን እከትና ወረቀቱን አነባለሁ። ስለዚህ የብዙ ወሬ መጀመሪያ አውቃለሁ፤ መጨረሻውን የሚያውቀው ሌላ ሚስማር የገዛ ሰው ነው። እንዲህ በተለቃቀመ እውቀት የሰፈሩን እድር መተዳደሪያ ደንብ በእጄ ጻፍኩ፤ ዳኛም አደረጉኝ። ብዙ ዓመት ዳኝቻለሁ። ያረፈደውን እገሥጻለሁ፣ ቀብር የቀረውን አስጠይቃለሁ፣ በየስብሰባው መጨረሻ ደግሞ ስለ ንጽሕና ትንሽ እናገራለሁ። ባለቤቴ ትንሽ አይደለም ትላለች።

በዚያ ወር ስብሰባ ላይ ልጄ ተነሥታ ቆመች። እድራችን መቃብር መቆፈሪያ ዶማና አካፋ፣ ባሬላና ድንኳን አለው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው አለው። አንድ ቀን ብቻ እንዲረዷቸው ለመነች። ክትሩ እንዴት እንደሚሠራ በወረቀት ሥላ አምጥታ ነበር። ጸሐፊያችን፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ማየት ሲጀምሩ እኔ ቀደምኳቸው።

«ይህ እድር የሞተ ይቀብራል። ቆሻሻ መጥረግ በደንባችን የለም» አልኩ።

ልጄ ወረቀቷን አጠፈች። እንደ ወትሮው «እሺ አባባ» አላለችኝም። «እሺ፣ ዳኛ» ብላኝ ተቀመጠች።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ፣ «የባዳ ልጅ ብትሆን ትፈቅድላት ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰው ለዘሩ ያደላል እንዳይሉኝ ብዬ በዘሬ ላይ ጨከንኩ። ይህም ከአድልዎ የሚለይ አይመስለኝም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ፈፋው ወረድኩ። ሄጄ ልገሥጻት ነበር። ልጆቹ ግን ከጠበቅሁት በላይ ሠርተዋል። ቆሻሻውን በየዓይነቱ ለይተው ከምረውታል፤ ፕላስቲኩ ለብቻ፣ ጨርቁ ለብቻ፣ ስባሪ ጠርሙሱ ለብቻ። ከዳር ላይ ደግሞ የእንጨት ክምር አየሁ። ቀረብ አልኩ። ቁርጥራጩ ላይ አረንጓዴ ቀለም አለ፤ እኔ ለበር የምቀባው ቀለም ነው። በእርሳስ የተጻፈ ልኬትም አለ። ጽሑፉ የእኔ ነው። ከጎኑ ሦስት ጆንያ ሰጋቱራ ቆሟል።

ሰጋቱራና ፍቅፋቂ ሲበዛብኝ፣ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል፣ በጆንያ አድርጌ ፈፋው ውስጥ የምጥለው እኔ ነበርኩ። ለዓመታት። እንጨት ምን ያደርጋል፣ ይበሰብሳል እያልኩ። ግን እውነት ምንም የማያደርግ ቢሆን፣ ሰው እንዳያየኝ ለምን ዞር ዞር ብዬ አይ ነበር?

ልጄ ጓንቷን አውልቃ መጣች።

«ሰጋቱራው ለብስባሹ ይሆናል፤ እርጥበቱን ይይዝልናል» አለችኝ።

«የማን እንደሆነ ጓደኞችሽ ያውቃሉ?»

«አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም።»

ጓንቷን መልሳ አጥልቃ ወደ ሥራዋ ሄደች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ማድረግ የነበረብኝ ግልጽ ነው። ስብሰባ ጠርቶ፣ ተሳስቻለሁ ብሎ፣ አባላቱን መለመን። ግን የዳኛ አንገት ለመጎንበስ ይከብዳል። ስለዚህ አቋራጭ ፈለግሁ። አባላቱን ሳልለምን በትእዛዝ ላወጣቸው አሰብኩ። ሰንበት እንዳይሆን፣ የታቦት ቀን እንዳይሆን ቆጥሬ አርብ ጠዋትን መረጥኩና የእድሩን ጡሩንባ ነፊ ወደ ቤቴ አስጠራሁት።

«ጡሩንባውን ንፋና፣ ‹ለፈፋው ጽዳት ውጡ› ብለህ ለፍፍ» አልኩት።

«ኧረ ዳኛ! ይኸ ጡሩንባ ከሞት ሌላ አያውቅም።»

«ጡሩንባ ምን ያውቃል? የሚያውቀው ነፊው ነው።»

«ነፊውም አያውቅም» አለኝ።

«ዝም ብለህ ንፋ» አልኩት።

አርብ ጎሕ ሲቀድ መጥቶ ሐሳቤን እንዳልቀየርኩ ጠየቀኝና ከቤቴ ወጥቶ ሄደ። እኔ ጓሮ ሆኜ ዶማዬን መሳል ጀመርኩ። ጡሩንባው ከላይኛው ሰፈር ሲነፋ ሰማሁት፤ ደስም አለኝ። ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። እኔ ቃል የማነብ ሰው ስለሆንኩ ሰው ሁሉ ቃል የሚጠብቅ ይመስለኛል። በእኛ ሰፈር ግን ጡሩንባ ከተነፋ በኋላ የሚባለውን ቆሞ የሚሰማ የለም። በመጀመሪያው እስትንፋስ ሴቷ ነጠላዋን ትዘቀዝቃለች፣ ወንዱ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ይሮጣል፣ አንዷ ለንፍሮ ብረት ድስት ትጥዳለች። «ማን ሞተ?» የሚባለው መንገድ ላይ ነው። በዚያ ጠዋት መልሱን የሰጠው፣ ጡሩንባ ነፊው ከእኔ ቤት ሲወጣ ያየ አንድ ጎረቤት ነው። ባለቤቴ በዚያ ሳምንት ስታስል ሰንብታለች። እሷ ናት የሞተችው ተባለ፤ ነገሩ በዚህ አለቀ።

ጓሮ ሳለሁ ለቅሶ ወደ እኛ ሲመጣ ሰማሁ። ምን ያህል ሞኝ እንደሆንኩ እዩ፤ በአጋጣሚ እውነተኛ ሞት የደረሰ መሰለኝ። ጋቢዬን ደርቤ፣ ፊቴን አጥቁሬ ከበሩ ወጣሁና፣ «ማን ነው የሞተው?» አልኩ።

«ወይኔ! አልነገሩትም!» ብላ አንዷ ደረቷን መታች።

ለቅሶው ደመቀ። ከፊት ሆና የምታስለቅሰው የግድግዳ ጎረቤታችን ናት፤ ጉልት ላይ ጎመንና ካሮት የምትሸጥ ሴት። ከፋሲካ ወዲህ በአንዲት ዶሮ ምክንያት ከባለቤቴ ጋር አይነጋገሩም።

«ያቺ እጇ የማይታጠፍ!» ትላለች። «ያቺ ያጣ የሚጠጋባት! ያቺ ቂም የማታውቅ! ማን ይሁነኝ ጎረቤቴ!»

በዚህ መሐል ባለቤቴ ማማሰያ እንደያዘች ከማድ ቤት ወጣች። ሁሉም ድርቅ አለ። እሷ አንዴ እኔን፣ አንዴ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሁሉ አየች። ነገሩ ቶሎ ገባት፤ እሷ ከእኔ ትፈጥናለች።

«ምነው አቆምሽ? ቀጥዪ እንጂ!» አለቻት ለጎረቤታችን። «ይኸን ሁሉ እስከዛሬ የት ደብቀሽው ነው?»

ጎረቤታችን ጮኻ ተጠመጠመችባት። ሁለቱም ማማሰያውን በመሃከላቸው አድርገው ያለቅሳሉ ይስቃሉ። የዶሮዋ ነገር እዚያ ላይ ቀረ። እኔ ግን ቆሜ አንድ ነገር አሰብኩ። ከዚያች ሴት አፍ የወጣው ሁሉ እውነት ነው፤ በስንት ዓመት ትዳር እኔ አንዱንም ነግሬያት አላውቅም። ሙገሳ ያባልጋል እያልኩ። ማንን እንዳባለገ አላውቅም።

ሳቁ ሲበርድ ቁጣው መጣ። ወንዶቹ ዶማና አካፋቸውን እንደያዙ ጡሩንባ ነፊውን ከበቡት።

«እኔ ‹ለፈፋው ጽዳት› ብያለሁ!» አለ እያለከለከ። «ማን ሰማኝ? ደግሞ ያዘዙኝ ዳኛው ናቸው። አይሆንም ብያቸዋለሁ።»

«እኔ ለአለቃዬ ቀብር አለብኝ ብዬ ደውያለሁ» አለ ሆስፒታል የሚሠራ አንድ ጎልማሳ። «አሁን ምን ልበለው?»

ጸሐፊያችን ምንም አልተቆጡም። ከኪሳቸው የደንቡን ደብተር አውጥተው ገልጠው ሰጡኝ። «ዳኛ፣ እስቲ ያንብቡልን። ጽሑፉም የእርስዎ ነው።»

አነበብኩ። «ያለ ሞት ጡሩንባ ያስነፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በአባላቱ ፊት ይቅርታ ይጠይቃል።» አንድ ዘመን ሰካራሞች በበዓል ቀን ጡሩንባውን ሰርቀው ስለነፉት የጻፍኩት ነው። ስጽፈው ለሌላ ሰው ነበር። ደንብ ሲጻፍ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ነው።

«ድንጋይ አምጡላቸው!» አለ አንዱ።

«ትንሿን እንዳታመጡ! እኔን ስለ አንድ ወንበር እግር ሦስት ስብሰባ ያስቆሙኝ ሰው ናቸው!»

«ጠፍጣፋው ይሁን፣ ትከሻ ላይ ይረጋል» አለ የሚያዝንልኝ።

ያመጡትን ተሸከምኩ። ከባድ ነበር። ሁሉም ይቅርታዬን ሊሰማ ከበበኝ። አፌን ልከፍት ስል እዚያ ቆሜ መናገር አልሆነልኝም። የበደልኩት እዚያ አይደለምና።

«ተከተሉኝ» አልኩና ቁልቁል ወረድኩ።

ወዴት እንደምሄድ ሳያውቁ ተከተሉኝ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ባለ ነጠላውም ባለ ከረባቱም። ለመቃብር የመጣው ዶማ፣ አካፋና ባሬላ፣ የተጠቀለለው ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ከኋላዬ ወረደ። ልጄና ጓደኞቿ ፈፋው ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ ይህን ሁሉ ሕዝብ አይተው ቀና አሉ። ደነገጡ።

ከፈፋው አፋፍ ቆምኩ።

«ጡሩንባውን ያስነፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ» አልኩ። «ግን የሚብስ አለብኝ። እነዚህ ልጆች ከሚዝቁት ቆሻሻ ብዙው የእኔ ነው። ሰጋቱራዬን፣ ቁርጥራጬን፣ የተሰበረ ዕቃዬን እዚህ ስጥል ኖሬያለሁ። ስለ ንጽሕና ስሰብካችሁ የነበርኩትም እኔ ነኝ። ልጄ አውቃ ሸፈነችኝ። እርዳታ ስትለምን ደግሞ ከወንበሬ ሆኜ አሳፈርኳት። ይኸው ነው።»

ድንጋዩ ትከሻዬን እየቆረጠኝ ነው።

«እኔም የጎመን ግንዴን እዚሁ ነው የምጥል» አለች ጎረቤታችን ቀስ ብላ።

«እኔ ፍራሽ ጥያለሁ።»

«ያ ፍራሽ ያንተ ነው? እኔ የዳኛው መስሎኝ በሆዴ ስሳደብ ነበር!»

ሳቅ ተነሣ። ከሳቁ መሐል ጸሐፊያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ... ሳላርም የጣልኩት የፈተና ወረቀት አለ። የድሮ ነው።»

«መምህር! የኔም አለበት?» አለ ያ የሆስፒታል ሠራተኛ። «ጠፋ ያሉን ይኸ ነው?»

«አልፈሃል፣ አልፈሃል» አሉት። «አሁን ማን ማንን ይቅር ይላል? ዳኛ፣ ያውርዱት፤ ወገብዎ ይቀነጠሳል።»

ድንጋዩን ወደ ጎን ልጥለው ስል ልጄ ከታች ጮኸች።

«አባባ! እንዳይጥሉት! ወዲህ ያምጡት!»

ክትሩ የሚያርፍበትን መስመር በችካልና በገመድ ቀድማ ለክታ ነበር። ወርጄ አስቀመጥኩት። አየችውና ራሷን ነቀነቀች። «በጠፍጣፋው በኩል ይዙር።» አዞርኩት። ከዚያ ዞር ብላ ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ያን ሁሉ ዶማ አየች። እርዳታ ስትለምን የከለከልኳት ነገር በሙሉ በፊቷ ቆሟል።

«ከመጣችሁ አይቀር...» አለች።

«እሱማ መቆፈሪያ ይዘን መጥተን ሳንቆፍር አንመለስም» አለ አንዱ ጋቢውን እየጣለ።

የሰፈሬን ሰው በቀብር ቀን አውቀዋለሁ። ማን ዶማ እንደሚይዝ፣ ማን አፈር እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሚተካ ማንም አይነግረውም። ያን ቀን ያው ሥርዓት ለሕይወት ዋለ። ወንዶቹ በአራት በአራት እየተቀያየሩ ቆፈሩ። ድንጋይ ከላይ እስከ ታች በእጅ ቅብብል ወረደ። የጉልት ሴቶቹ ቅጠልና ልጣጩን ለብስባሹ ጉድጓድ ለዩ፤ ከእነሱ የፈጠነ አልነበረም። ፀሐይ ሲበረታ ድንኳኑ ተተከለ። ያ የተጣደ ንፍሮም በስሎ መጣ። የለቅሶ ንፍሮ እየተሳቀ ሲበላ ያየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ዘግኖ፣ «ለአለቃዬ አልዋሸሁም፤ ቆሻሻ ቀብሬያለሁ እለዋለሁ» አለ።

«አይቀበርም!» አለችው ልጄ ከወዲያ። «ፕላስቲክ አይቀበርም። አውጣው!»

አወጣው። ሰባቱ ልጆች ሁላችንንም አዘዙን። አንዳንድ ሽማግሌ ማጉረምረም ጀምሮ ነበር፤ የመጀመሪያው ክትር ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን ዝም አለ። ሥራ ከስብከት ይልቅ ያሳምናል። ይህን ሳውቀው ዘግይቻለሁ።

በአንድ ቀን አላለቀም። በዚያው ሳምንት ስብሰባ ጠርቼ በደንቡ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረብኩ፤ በዚህ ጊዜ ቆሜ፣ ለምኜ። በየሳምንቱ ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል ተባለ። ሰው ወጣ። ጉልቶቹም ቅጠላቸውን በጆንያ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ልጆቹ ማታ ማታ በጋሪ ያነሡላቸዋል። ሰኔ ሚካኤል ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የቀበሌው ሹም መጣ። ከላይ እስከ ታች በእግሩ ሄደ። አምስቱንም ክትር በጫማው ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገ። አልነቃነቁም።

«ይኸን ሁሉ ሰባታችሁ ናችሁ የሠራችሁት?» አላት።

«እድሩ ነው» አለችው።

«እነሱ ናቸው» አልኩ እኔ።

«ለማን ልጻፈው ታዲያ?» ብሎ ሳቀ፤ ወረቀቱን ግን በማኅበሩ ስም ፈረመ። ልጄ አንብባ አጠፈችና ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። አዲስ አበባ አልሄደችም።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ጎርፉ ሲመጣ ግማሽ ሰፈር ጃንጥላ ይዞ አፋፉ ላይ ቆሟል፤ ኳስ ጨዋታ የሚያይ ይመስላል። ውሃው መጀመሪያው ክትር ላይ ደርሶ ተቆጣ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ከዚያ በጫፉ ተርፎ ቀስ ብሎ ወረደ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ያዙ። እልልታው እስከ ላይኛው ሰፈር ተሰማ።

ጥቅምት ላይ የመጀመሪያው ብስባሽ ደረሰ። ጥቁርና ልዝብ ሆኗል፤ ሽታው የዝናብ መሬት ነው። ከከተማው ራቅ ባለችው ኮሶዬ ድንችና ነጭ ሽንኩርት የሚያመርት አንድ ገበሬ ወሬ ሰምቶ ባዶ ጆንያውን ይዞ መጣ። እፍኝ አንሥቶ አሸተተ፣ በጣቱ ፈረፈረው።

«ሸጋ አፈር ነው» አለ። «ግን ግንደ ጎመን አለበት። ይነፋልኝ።»

ልጄ ወንፊት እንድሠራላት አስቀድማ አዝዛኝ ነበር። ጥሩ አድርጌ ሠርቼዋለሁ፤ ማዕዘኑ አንድ ላይ የገጠመ፣ ያልተጣመመ። ተሸክሜ አመጣሁትና ገበሬው ፊት አቆምኩት። ልጄ አንድ አካፋ አፈር ጣለችበት፣ ነቀነቀች፣ ከታች የወረደውን ጎንበስ ብላ አየች።

«አባባ፣ ቀዳዳው ሰፊ ነው። ግንዱን ያሳልፋል። እንደገና ይሠራ።»

በዚህ ሙያ ስኖር ሥራዬን የመለሰብኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ገበሬው በሳቅ ወደ እኔ ዞረ።

«ምነው አያ፣ መለሰችብዎት?»

«መለሰችብኝ» አልኩ። ፊቴን ልቋጥር ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። የአሠሪነት ዓይኗን ያየሁት ያኔ ነው፤ ለአባት የማያደላ ዓይን ነው።

«ለነገ ጠዋት ይድረስልኝ» አለችኝ። «ሰውየው ከኮሶዬ ድረስ ነው የመጡት።»

«እሺ» አልኳት፤ ፍሬሙን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ ሱቄ ወጣሁ።